መኪናውን አይታችሁታል፤ ሾፌሩ ግን አላያችሁም

ከደጀን ተነስቶ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በእንጅባራ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባውን አስፋልት የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር አይጠፋውም። መንገዱ የመኪና ብቻ አይደለም። ገበያ መሄጃ ነው፣ ከብት መንጃ ነው፣ ተማሪ የሚመላለስበት ነው፣ በመኸር ሰሞን አንዳንድ ቦታ በርበሬ ማስጫም ይሆናል። ከከተማ መሀል ስትወጡ ለእግረኛ ተብሎ የተሠራ መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «በእግረኛ መንገድ ሂዱ» የሚለው ምክር ለእኛ ብዙም አይጠቅምም። እኔ የምጽፈው ጠርዙ ለተቦረቦረው፣ ከጎኑ ቦይ ለሆነው፣ አህያና አይሱዙ እኩል ለሚጋፉበት አስፋልት ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ።

የፋሲካ ዋዜማ ነው። ከቅጥቅጥ ወረድኩ። በአንድ እጄ ዶሮ፣ በሌላው አምስት ሊትር ዘይት ይዣለሁ። ቤታችን በማዶ በኩል ነው። ረዳቱ በሩን ጠረቀመና «ሳበው!» አለ፤ እኔ ደግሞ መኪናው እስኪሄድ መጠበቅ ሞት መስሎኝ በፊት ለፊቱ ዞሬ ልሻገር ገባሁ። ግማሽ ስደርስ አንድ ሞተር ሳይክል ከቅጥቅጡ ጎን ሹልክ ብሎ ወጣ። እኔን አልነካኝም። ዘይቱን ግን ከእጄ መንጭቆ ወሰደው፤ ጀሪካኑ አስፋልቱ ላይ ፈረጠ። ዶሮው አመለጠ። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ የምታነሳው ዘይቱን ነው።

ቆይቼ ሳስበው ስህተቴ አንድ ነበር። የቅጥቅጡን ሾፌር አይቼዋለሁ፣ እሱም አይቶኛል፣ እንዲያውም በእጁ እለፍ ብሎኛል። በቃ፣ መንገዱ ሁሉ ያየኝ መሰለኝ። ሞተረኛው ግን እኔ የምባል ሰው መኖሬንም አያውቅም ነበር። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዚች ነገር የሚመዘዝ ነው። እናንተ መኪናውን አያችሁት ማለት እሱ አያችሁ ማለት አይደለም።

ማታ

ይሄ ነገር የሚከፋው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ጀንበር ጠልቃለች፣ ግን ገና አልጨለመም። ሰው ሁሉ ከገበያ እየተመለሰ ነው፣ ከብቱ ወደ በረት እየገባ ነው፣ ሾፌሩ ደግሞ ሳይመሽበት ለመድረስ ይጣደፋል። ገሚሱ መኪና መብራት አብርቷል፣ ገሚሱ አላበራም።

ጨለማ ውስጥ ስትሄዱ የመኪና መብራት ከሩቅ ታያላችሁ። ሜዳማ ቦታ ከሆነ ኪሎ ሜትር እየቀረውም ይታያል። ያኔ ልባችሁ «ይሄ ሁሉ ብርሃን እየመጣብኝ እንዴት አያየኝም?» ይላል። አያያችሁም። አጭር መብራት መንገዱን በደንብ የሚያሳየው 40 ወይም 50 ሜትር ያህል ነው። ጥቁር የለበሰ ሰው ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ ሾፌሩ ብዙ ጊዜ የሚለየው 30 ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው። በ60 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ፣ ደንግጦ፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ ከደከመው ደግሞ ይብሳል። ፍሬኑ መያዝ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ በደረቅ አስፋልትና በደህና ጎማ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ድምሩ ወደ 40 ሜትር ይጠጋል። ያያችሁ ግን በ30 ነው። ሂሳቡን እናንተ ጨርሱት። ያውም ጭነት፣ ያለቀ ጎማና የሐምሌ ዝናብ ሳንጨምርበት።

እንግዲህ ሥራው መታየት ነው። በዚህ በኩል እኛ ታድለናል፤ ጋቢና ነጠላ አለን። ሌሊት ለኪዳን የሚሄዱ እናቶችን መኪና ውስጥ ሆናችሁ አይታችሁ ከሆነ ከሩቅ ነጭ ሆነው ይታያሉ። አረንጓዴ ቁምጣና ጥቁር ኮት ለብሶ ከገበያ የሚመለሰው ሰውዬ ግን እስክትደርሱበት ከመንገዱ ጋር አንድ ነው። ጋቢውን ኮቱ ውስጥ ጠቅልሎ ከሚሸከመው ከላይ ይደርበው። ብርዱም ያንን ይፈልጋል።

ከነጭ ልብስ ደግሞ አንጸባራቂ ይበልጣል፤ ያ የመንገድ ሠራተኞች ሰደርያ ላይ የምታዩት የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ማለቴ ነው። መብራት ሲያርፍበት ከ100 ሜትር በላይ ይታያል። ሙሉ ሰደርያ መግዛት የለባችሁም። ቁራጭ አግኝታችሁ ቁርጭምጭሚት ላይ ብታስሩት ደረት ላይ ከሚለጠፈው የተሻለ ነው፤ እግር ስለሚንቀሳቀስ ሾፌሩ ወዲያው ሰው መሆኑን ያውቃል። እኔ ለአጎቴ ዱላው ላይ ሁለት ቦታ ጠቀለልኩለት። «ዱላዬን ትራፊክ ፖሊስ አደረግከው» ብሎ ተቆጣ። አሁን ግን ጎረቤቶቹ «ለእኛም» እያሉት ነው፤ ሲኮራበት ብታዩት።

የስልክ መብራትም ይረዳል። አያያዙን ግን እወቁ። ወደ ሾፌሩ ዓይን አታብሩ፤ ታሳውሩታላችሁ፣ ከዚያ የሚመጣው በእናንተው ላይ ነው። ወደ መሬት አዘቅዝቃችሁ፣ እጃችሁን እያወዛወዛችሁ ሂዱ። ፌስቡክ ከፍቶ የስክሪኑን ብርሃን ፊቱ ላይ እያበራ የሚሄድ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ተጎድቷል፤ እሱም ጨለማውን አያይም፣ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ካለ ደግሞ አይሰማም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ሲተላለፉ፣ የአንዱ መብራት የሌላውን ሾፌር ዓይን ይወጋዋል። በዚያች ቅጽበት በመካከላቸው ወይም ጠርዙ ላይ ያለ እግረኛ ከዓይኑ ይጠፋል። ከግራም ከቀኝም መብራት ሲመጣባችሁ «በሁለቱም በኩል ብርሃን አለ፣ እታያለሁ» አትበሉ፤ ከአስፋልቱ ውረዱና ሁለቱም እስኪያልፉ ቁሙ።

ግራችሁን ያዙ፣ ግን በደፈናው አይደለም

በአገራችን መኪና በቀኝ በኩል ይነዳል። ስለዚህ እግረኛ ግራውን ይዞ ቢሄድ ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን ያያል፤ ቀኙን ይዞ ከሄደ ግን ቅርቡ ያለው መኪና ከጀርባው ነው የሚመጣው። ይሄን ትምህርት ቤት ሁሉም ተምሮታል። ግን ገበያ ሲሄዱ እዩ፦ አምስት ጓደኛሞች ጎን ለጎን ሆነው፣ ወሬ ደርቶ፣ ቀኙንም መሀሉንም ይዘውታል። ወሬው ይድራ፣ ችግር የለም። በአንድ መስመር ስትሄዱም ይሰማል፤ የጎጃም ሰው ድምፅ መቼ ያንሳል።

ግራ መያዝ የማይሠራበት ቦታ ግን አለ። መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍና በግራችሁ በኩል የገደል ግድግዳ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ባሕር ዛፍ ካለ፣ ከፊት የሚመጣው መኪና ኩርባውን ተጠግቶ ስለሚመጣ እናንተም አታዩትም፣ እሱም አያያችሁም። እንዲህ ያለ ኩርባ ላይ ሳትደርሱ፣ ገና ቀጥ ያለው ላይ እያላችሁ፣ ወደ ቀኝ ተሻገሩ። ኩርባውን በውጭ በኩል ጨርሳችሁ፣ መንገዱ ሲቀና ወደ ግራ ተመለሱ። ኩርባው ላይ ከደረሱ በኋላ መሻገር ከሁሉም የባሰ ነው።

ዓባይ በረሃ ለዚህ ትልቁ ትምህርት ቤት ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወደ ታች ከ1000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣ፣ ኩርባ በኩርባ የሆነ መንገድ ነው። ከባድ ጭነት የያዘ መኪና ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ሲወርድ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዙን ይቀንሳል። ሾፌሩ ሊያቆምላችሁ ቢፈልግም ላይችል ይችላል። በዚያ መንገድ አጠገብ የምትሠሩ፣ ከብት የምትጠብቁ፣ የሆነ ነገር የምትሸጡ ሁሉ ቁልቁለቱ መጨረሻ ያለ ኩርባ ውጭኛው ጠርዝ ላይ አትቀመጡ። ከመንገድ የሚወጣ መኪና የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ዳገት ላይ የቆመ የጭነት መኪና ኋላም መቆም የለም፤ ጎማው ሥር ታኮ ቢኖርም። ጥላ ፍለጋ መኪናው ሥር ገብቶ የሚያሸልብ ሰው አይቻለሁ። ኧረ በእግዜር! ሾፌር ጎንበስ ብሎ ሳያይ ሊያስነሳ ይችላል።

ጭጋግ ሲሆን፣ በተለይ ክረምት በእንጅባራና በጥሊሊ በኩል፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ጆሮ ነው። ሰማይና መሬቱ አንድ ሲሆን መኪናው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ገሳ የደፋ እረኛ ወይም በዣንጥላ የተከለለ ሰው ጎኑን አያይም፤ መሻገር ሲፈልግ ገሳውን ገለጥ፣ ዣንጥላውን ቀና ማድረግ አለበት። እየዘነበ ነው ብሎ አንገቱን ደፍቶ የሚሮጠውን ነው የምፈራለት።

ስትሻገሩ

ሁለት መኪና የሚያስተላልፍ አስፋልት ስፋቱ 7 ሜትር ያህል ነው። ደህና የሚራመድ ሰው ለመሻገር 6 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በ80 የሚመጣ መኪና በዚያ 6 ሰከንድ ከአንድ ኳስ ሜዳ ርዝመት በላይ ይጓዛል። ሽማግሌ ከሆነ፣ ወይም ሸክም ካለ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች 9 ሰከንድም ሊሆን ነው፤ ያኔ ሁለት ኳስ ሜዳ በሉት። ስለዚህ መለኪያው «መኪናው ሩቅ ነው ወይ?» ሳይሆን «ተሻግሬ ስጨርስም ሩቅ ይሆናል ወይ?» ነው።

ከመኪና ስትወርዱ ደግሞ የእኔን ዘይት አስታውሱ። ወራጅ አለ ብላችሁ ወርዳችሁ፣ ዕቃችሁን ከጣራ አስወርዳችሁ፣ ከአስፋልቱ ራቅ በሉና መኪናው ይሂድ። በፊቱም በኋላውም አትሻገሩ። ሲሄድ መንገዱ በሁለቱም በኩል ይገለጣል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ረዳቱ «ቶሎ በል!» ቢላችሁ እሱ የሚቸኩለው ለትርፍ ሰው ነው፣ እናንተ ምን አስቸኮላችሁ።

በእጁ «እለፍ» ያላችሁን ሾፌር አመስግኑት፣ ግን አትመኑት። ክፉ ሆኖ አይደለም። ከኋላው ደርቦ የሚመጣውን እሱም አያይም። የቆመው መኪና ጫፍ ላይ ስትደርሱ ቁሙ፣ አንገታችሁን አውጡ፣ ሁለተኛውን መስመር እዩ፣ ከዚያ እለፉ። ይቺ አንገት ማውጣት ናት ሕይወት የምታተርፈው።

ዜብራ ላይ ቅድሚያ የእግረኛ ነው፣ ሕጉ እንዲያ ይላል። ግን ዜብራ ቀለም ነው እንጂ ግንብ አይደለም፤ ያውም ብዙ ቦታ ቀለሙ ለቆ ሾፌሩም አያየውም። እግራችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የሾፌሩን ፊት እዩ። ፍጥነቱን ሲቀንስ ካላያችሁ አልቀነሰም።

ከተማ ውስጥ ባጃጅ የራሱ ዓለም አለው። ደብረ ማርቆስ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ፣ ያለ ድምፅ የሚንሸራተት አለ። ፍሬቻ ሳያሳይ ይታጠፋል፣ ሰው ካየ በድንገት ይቆማል፣ ሰው ካጣ በድንገት ይነሳል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ጆሮን ብቻ ማመን ቀርቷል። መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናም በዝቷል፤ እሱ በዝግታ ሲሄድ ድምፁ አይሰማም። ባሕር ዳር ደግሞ ሳይክሉ አለ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ እግረኛም ሳይክልም የየራሱ መስመር አለው። ሰው ግን ፎቶ ሊነሳ የሳይክሉ መስመር ውስጥ ይቆማል፤ ወንዙን ለማሳየት ወደ ኋላ እያለ፣ እያለ... ወደ ኋላ አትራመዱ፣ ሌላ አልልም።

የቆመ መኪና ኋላ ስታልፉ ነጩን መብራት እዩ። ከበራ ሾፌሩ ወደ ኋላ ሊመጣ ነው። መናኸሪያ ውስጥ ይሄ በየቀኑ ነው። የትልቅ መኪና ሾፌር ስፖኪዮ ውስጥ ፊቱ ካልታያችሁ እናንተም አትታዩትም።

አህያዋና ልጁ

ከብት ይዛችሁ አስፋልት ስትሻገሩ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ቀድሞ ተሻግሮ መንገዱን ያያል፣ ሌላው ከኋላ ይነዳል። ብቻችሁን ከሆናችሁ የተጫነችውን አህያ በገመዷ ያዙ። ከእናንተ ቀድማ ከተሻገረች ግን አትከተሏት። የአህያ ዋጋ ዛሬ ስንት እንደደረሰ አውቃለሁ፣ ጭነቱም ጤፍ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ብዙ ሰው የሚመታው አህያውን ሊያድን ሲሮጥ ነው። ትሂድ። መንገዱ ሲጸዳ ትደርሱባታላችሁ።

ልጆች ላይ ትንሽ ልቆይ። ትንሽ ልጅ የመኪናን ፍጥነት መገመት አይችልም። ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ዓይኑና አእምሮው ገና ስለሆነ ነው። ቁመቱም አጭር ነው፣ ከቆመ ባጃጅ ኋላ ሲሆን ጭራሽ አይታይም። እኛ ደግሞ ምን እናደርጋለን? መሬት ላይ እንትፍ እንልና «ምራቄ ሳይደርቅ ተመለስ!» ብለን ከአስፋልቱ ማዶ ጨው ግዛ ብለን እንልከዋለን። ልጁ ምራቁን እያሰበ ይሮጣል። ግራ ቀኝ የሚያይበት ጊዜ አልሰጠነውም። እኔም እንዲህ ተልኬ ነው ያደግሁት፣ ማንንም ልወቅስ አልችልም። ግን አስፋልት ማዶ ከሆነ ትልቁ ይሂድ፤ ትልቅ ከሌለ ጨው ይቅር፣ ወይ ከጎረቤት ይበደር።

ሌላው ደግሞ መጥራት ነው። ልጃችሁ ከማዶ ቆሞ ካያችሁት ስሙን አትጥሩ፣ ከረሜላም አታሳዩ። እናቱን ያየ ልጅ መንገዱን አያይም። እናንተ ተሻግራችሁ ሂዱና እጁን ያዙት። እጁን ስትይዙም የእጁን አንጓ ያዙ፤ ጣቱን ከያዛችሁ ያመልጣል።

የተማሪ ልጅ ወላጅ ከሆናችሁ አንድ ቀን አብራችሁት ትምህርት ቤቱ ድረስ ሂዱ። የት እንደሚሻገር እሱ ያሳያችሁ። ብዙ ጊዜ ኩርባ ላይ ወይም ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው የሚሻገሩት፣ አቋራጭ ስለሆነ። መቶ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ እንዲሻገር ቦታውን አብራችሁ ምረጡ፣ ምልክት አድርጉበት። «ተጠንቀቅ» ማለት ለልጅ ምንም ማለት አይደለም፤ «እዚያ ዋርካ ጋ ስትደርስ ቁም» ግን ይገባዋል።

ጠላና አረቄ የቀመሰውን ሰው ማታ ብቻውን አትልቀቁ። ሰርግም ተዝካርም ይሁን፣ ቤቱ አስፋልት የሚያቋርጥ ከሆነ አንድ ሰው ይሸኘው ወይም እዚያው ይደር። በብርድ ማታ ፀሐይ ያሞቀው አስፋልት ይመቻል፤ ጠጥቶ ጠርዙ ላይ የተቀመጠ ሰው እዚያው ይተኛል።

ከደረሰ በኋላ

ሰው ከተመታ መጀመሪያ ሌላ መኪና እንዳይደርብበት አድርጉ። አንድ ሰው ወዲህ፣ አንድ ሰው ወዲያ ራቅ ብሎ፣ ነጠላ እያውለበለበ መኪና ያስቁም፤ ማታ ከሆነ በስልክ መብራት። ተጎጂውን በእጅና በእግሩ አንጠልጥሎ ባጃጅ ውስጥ መወርወር ልማዳችን ነው፣ አንገቱ ወይም ወገቡ ከተጎዳ ግን ይሄ ሽባ ሊያደርገው ይችላል። እሳት ወይም ሌላ አደጋ ከሌለ ሳታንቀሳቅሱት እርዳታ ጥሩ። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት፣ አትልቀቁ። ጋቢ አልብሱት። ውኃ አታጠጡት፤ ቢለምናችሁም።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ፖሊስ 991። በየወረዳው ግን የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ሹፌር ስልክ ቶሎ ይደርሳል፤ አሁኑኑ ጠይቃችሁ መዝግቡት።

ሾፌሩን አትምቱት። ንዴቱ ይገባኛል። ግን ሾፌሮች የሚሮጡበት አንዱ ምክንያት ሰው ይገድለኛል ብለው ነው፤ በሕጉ ቆሞ የመርዳት ግዴታ አለበት፣ ተጎጂውን ለማድረስም የመጀመሪያው መኪና የእሱ ሊሆን ይችላል። የሦስተኛ ወገን መድን ማንኛውም መኪና እንዲኖረው ግዴታ ስለሆነ የተጎጂው ቤተሰብ የሚጠይቀው ነገር አለ፤ ለዚያ ደግሞ ታርጋው ያስፈልጋል። ላዩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ። ስልካችሁ ባትሪ ከጨረሰ እጃችሁ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት።